የመውደቅ ትምህርት በስድስት ቅዳሜ

ሰው ኮሌታ ይዤ አላውቅም ነበር። ይህን የምላችሁ ጨዋነቴን ልመሰክር ፈልጌ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ባደግኩበት ሰፈር ኮሌታ ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ቡጢ ነው፤ ከቡጢ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ፤ ከፖሊስ ጣቢያ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ «በሉ ተሳሳሙ» ይላል። ይህን ሁሉ መንገድ ከምሄድ ብዬ ገና ከጅምሩ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ የሰደበኝንም «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። በሃምሳ ዓመቴ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ኮሌታ በሁለት እጄ ጨምድጄ ቆምኩ። ያውም ወድጄና ፈርሜ።

ኮሌታ ለኮሌታ የተያያዙትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። የሽማግሌውን ኮሌታ የያዘውንስ ማን ያስታርቀዋል? የጠየቅኳቸው ሁሉ ስቀውብኝ ሄዱ እንጂ መልስ የሰጠኝ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። ልጄ ሶልያና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ኦክላንድ ተወለደች፣ ሳን ሊያንድሮ አደገች። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እንዲህ እያልን በሰላም እንኖር ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እንግሊዝኛውም እየሳሳ ሄዶ «ፋይን» ብቻ ቀረ። ትምህርት እንዴት ነበር? ፋይን። ምሳ በላሽ? ፋይን። አንድ ቀን ሆን ብዬ «ኩሽናው እየተቃጠለ ነው» ብላት «ፋይን» ብላኝ በሯን ዘጋች። እናቷ ትዕግሥት «ዕድሜው ነው፣ ያልፋል» ትለኛለች። እኔ ግን ያ ዕድሜ ሲያልፍ ልጄንም ይዟት እንዳያልፍ ነው የምፈራው። ሌላ ምን ልበላችሁ፣ ልጄ ናፍቃኛለች፤ ያለችው ግን ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ ከክፍሏ ወጥታ፣ ከጆሮዋ ላይ ያን ነገር አውልቃ፣ «ዳድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» ስትል ምን ይባላል? ኩላሊትህን ስጠኝ ብትለኝ የትኛውን ልል ነበር የተዘጋጀሁት። ምነው ኩላሊቴን ባለች!

የጠየቀችኝ ጁጁትሱ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የድሮ የጃፓን ትግል ነው። ውድድር የለውም፣ ሜዳሊያ የለውም። ዱሮ ወታደሮቹ ሰይፋቸው ከእጃቸው ሲወድቅ በባዶ እጅ የሚታገሉበት ነው።»

«ቡጢ አለው?»

«ብዙም የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«መውደቅ» አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ሳን ሆዜ ነው። ማንንም ዝም ብሎ አይቀበልም። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መጀመሪያ ከወላጁ ጋር ስድስት ቅዳሜ ይማራል፤ በስድስተኛው ቅዳሜ ወላጁ ልጁን ያጠቃል፣ ልጁ ወላጁን ይጥላል፤ መምህሯ አይተው «ትግባ» ወይም «ትቆይ» ይላሉ። ትዕግሥት ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ስለዚህ የሚጣለው ወላጅ እኔ ነኝ። ሶልያና ይህን ሁሉ የነገረችኝ በአንድ ትንፋሽ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይረዝማል። እኔም ስድስት ቅዳሜ፣ እየሄድን አርባ አምስት ደቂቃ፣ ስንመለስ አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንድ መኪና ውስጥ አብረን ብዬ ሒሳቡን ሠራሁና ሳላስበው «እሺ» አልኩ።

ሥራዬ ከኦክላንድ አየር ማረፊያ መንገደኛ በሻትል ማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ጉልበት ከሆነ አለኝ ብዬ ነበር። ጉልበት እንደማያስፈልግ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና በሰላምታው ነው የተበላሸው። አዳራሹ ከአንድ አበባ መሸጫ ጀርባ ነው። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ መምህሯ ተቀበሉን። ሁሉም ሴንሴ ይሏቸዋል፤ በዕድሜ እኔን የሚያካክሉ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም የማያልፍ ሴት ናቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ፣ ሰላምታ ላይ መሸነፍ አንወድም። እኔ ከሳቸው ዝቅ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እሳቸው በትሕትና ትንሽ ደገሙት። «ኧረ በጌታ!» ብዬ እኔ ወረድኩ። እንዲህ ስንባባል በመጨረሻ ግንባሬ ምንጣፉን ሊነካ ሲደርስ ሶልያና በጥርሷ መሐል «ዳድ፣ ፕሊስ ስቶፕ» አለችኝ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ።

ከዚያ ነጩን ልብስ አለበሱኝ። ወፍራም፣ ብርድ ልብስ የሚያህል ጃኬት ነው። ግራና ቀኙን እንደመሰለኝ ደርቤ፣ ቀበቶውን እናቴ መቀነት እንደምትታጠቀው ሁለት ዙር ጠምጥሜ ወጣሁ። ሴንሴ ቀረብ ብለው በዝግታ «ግራው ነው ከላይ የሚሆነው» አሉና ፈተው አስተካከሉልኝ። «ቀኙን ከላይ አድርገን የምናለብሰው ለሞተ ሰው ነው።» ኋላ ሳስበው አለባበሴ ስህተት አልነበረውም፣ ጊዜው ብቻ ትንሽ ቀድሞ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት አወዳደቅ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማታና ጠዋት «አወዳደቄን አሳምርልኝ» ብላ ስትጸልይ እሰማ ነበር። ይህን ጸሎት ምንጣፍ ላይ በየተራ የሚያስተምሩበት አገር መኖሩን ብታውቅ ምን ትል ነበር? አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ፣ ጀርባህን አክብብ፣ ስትደርስ በክንድህ ምንጣፉን በጥፊ ምታው። ልጆቹ እየተንከባለሉ ይነሣሉ። እኔ እንደ ሻንጣ ባለሁበት ዷ እላለሁ። ስወድቅ በእጄ ልደገፍ እሞክራለሁ፤ አንዴ ደግሞ ከድንጋጤ አጠገቤ የነበረውን አባት ይዤው ወደቅሁ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ እዚያ ግን የወደቀውን ሁሉም ያጨበጭቡለታል፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሽ ሃሪ ደረሱብኝ። ጋሽ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጡ ፖስታ አመላላሽ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቀጫጫ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ አርባ ዓመት እዚያ ምንጣፍ ላይ የኖሩ ሰው። ሴንሴ ልጆቹን ከልጆች አጣመሩና እኔን ከሳቸው ጋር አቆሙኝ። «ኮሌታቸውን ይያዙና ይጣሏቸው» አሉኝ።

ሳቅኩ። ሴንሴ አልሳቁም።

«ሴንሴ፣ እሳቸው እኮ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ለዚያ ነው የሚወድቁት» አሉ። «በኛ ቤት ታላቅ ነው የሚወድቀው። ታናሽ የሚማረው ታላቅ ሲወድቅለት ነው። እኔም ልጁን ብቻ አይደለም የማየው፤ ማን ለማን እንደሚወድቅ ነው የማየው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኛ ጋ ታላቅ ሲገባ ብድግ ይባላል፤ ወንበር ይለቀቃል፤ ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ጥፋቱ ለሌላ ይሰጣል። እዚህ ይጥሉታል። እጄን አንሥቼ የጋሽ ሃሪን ኮሌታ በሁለት ጣቴ፣ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ ነካ አደረግኩት። «ጠበቅ አድርገው» አሉኝ። ጠበቅ አደረግኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፈገግ አሉልኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ፈገግታ ላይ እንዴት ይጨከናል? ልጥላቸው ዞር አልኩና ራሴን ጣልኩ። እሳቸው ቆመው ቀሩ። «ተራው የኔ ነበር» አሉኝ ከላይ ሆነው። ደገምን። እንደገና ራሴን ጣልኩ። ያን ቀን ጋሽ ሃሪ ለመውደቅ መጥተው አንድም ጊዜ ሳይወድቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሶልያና ከወዲያ ጥግ ሆና ታየኝ ነበር። ስንመለስ እስከ ፍሪሞንት ድረስ አላናገረችኝም፤ ከፍሪሞንት በኋላም አላናገረችኝም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የመጣው ግን ይባስ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት አንሸራቶኝ ይሆናል፣ ጋሽ ሃሪን በእውነት ጣልኳቸው። በትከሻዬ ላይ አልፈው ምንጣፉ ላይ ሲደርሱ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ምንጣፉን በክንዳቸው የመቱት ነው፤ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የጀርባቸው አጥንት መሰለኝ። አንድ የመንግሥት ጡረተኛ ገደልኩ! ዜናው፣ ፖሊሱ፣ የልጆቻቸው ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ቆሙና «ጉድ!» አሉኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ ማለፊያ ነው ማለታቸው ነው። እኔ የሚሉትን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። አንድ ትልቅ ሰው የበደለ ሰው ምን ያደርጋል? ያደግኩበትን አደረግኩ። «ይቅር ይበሉኝ!» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ተወርውሬ ጎንበስ አልኩ።

አሁን እስቲ በሳቸው ቦታ ሁኑ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ እግራቸው ጎንበስ ብሎ ሲመጣ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሊጥላቸው ነው። የኔ ከንፈር ጉልበታቸው ጋ ከመድረሱ በፊት አንገቴ ብብታቸው ውስጥ ገባ፤ ቀኝ እጄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ደረቴ ምንጣፉ ላይ ተለጠፈ፤ ስልሳ ኪሎ የማይሞላ ሽማግሌ ጀርባዬ ላይ ተቀመጠ። «ይቅርታ ነው! ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው!» እላለሁ በአማርኛ። እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። በቃኝ ለማለት ምንጣፉን መታ መታ ማድረግ እንደሚገባም ረስቻለሁ። ሴንሴ ሶልያናን «አባትሽ ምን እያለ ነው?» ብለው ጠየቋት። ሶልያና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የማታውቀኝ ልጅ መስላ፣ «ሶሪ እያለ ነው» አለች። ጋሽ ሃሪ ለቀቁኝና ነገሩ ሲገባቸው እሳቸው ደግሞ እኔን ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ ጎንበስ ሲሉ እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ሴንሴ መሐላችን ገብተው ባይለያዩን ይህን ጊዜ እዚያው ነበርን።

ቤት ስደርስ ትዕግሥት አንገቴን አየችው።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«አንድ ሰውዬ ናቸው።»

«ናቸው? ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ አራት።»

ቪክሱን አምጥታ አንገቴን ታሸኝ ጀመር። ሳቋን ልታፍን ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር። «እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰባ አራት ዓመት የሞላውን ሰው ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አነሣለሁ። ቅዳሜ አምጣቸውና እኔ ልያዝልህ።» ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ዕቃ ስታቀብለኝ በሁለት እጇ ነበር፣ ለበሽተኛ እንደሚያቀብል ሰው።

አራተኛውና አምስተኛው ቅዳሜ ላይ አባትና ልጅ አንድ ላይ አቆሙን። ነገሩ ቀላል ነው። እኔ ወደፊት ሄጄ ኮሌታዋን እይዛለሁ፣ ልገፋት እሞክራለሁ፣ እሷ ዞር ብላ በመጣሁበት ኃይል ትጥለኛለች፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። በየዕለቱም እቤት እንለማመዳለን። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ምንጣፉ ላይ ፍራሽ አንጥፈን። አንድ የጠረጴዛ መብራትና የትዕግሥት የሸክላ ማሰሮ ተሰበሩ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን እኔ በወደቅሁ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታለች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ልጄ በየቀኑ ከክፍሏ ትወጣለች! እኔም ላግዛት ብዬ አሳምሬ እወድቃለሁ። ትንሽ ስትነካኝ እበራለሁ። ኋላ ኋላማ ገና እጇን ስታነሣ ነው የምወድቀው።

ከመጨረሻው ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ ሶልያና መሐል ወለሉ ላይ ቆመችና አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ወድቄ አልቄያለሁ።

«ዳድ፣ አልነካሁህም እኮ።»

«ነክተሽኛል! ትንሽ...»

«ፌክ ነው!» አለች። «ሁሌም ፌክ ታደርጋለህ! ገበጣ ስንጫወት ሆን ብለህ ነበር የምትሸነፈው። ስንሮጥ እያነከስክ ነበር የምትሮጠው። የአራተኛ ክፍሉን የሳይንስ ውድድር እሳተ ገሞራ አንተ ነህ የሠራኸው፣ አንደኛ የወጣሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ አንድ ነገር በራሴ አሸንፌ አውቃለሁ? ምን እንደምችል እንኳ አላውቅም! ለዚህ ነው የሄድኩት። እዚያ ደግሞ አንተን ይዤ ሄድኩ።»

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ እኔ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። ወለሉ ላይ እንደተንጋለልኩ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። የገበጣውን ስታውቅ ኖራለች ለካ። የሩጫውንም። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ሳያሸንፈኝ ውሎ አያውቅም፤ ዳማ ላይ፣ ክርክር ላይ፣ ምንም ላይ። የኔ ልጅ እንዲህ አትሆንም ብዬ ነበር የማልኩት። ለካ እኔም በሌላ በኩል ዞሬ እዚያው ነው የደረስኩት። አመመኝ። ጋሽ ሃሪ ከተቀመጡብኝ ይልቅ ይህ አመመኝ።

«ቅዳሜ ፌክ አላደርግም» አልኳት። «ቃሌ ነው።»

ምናለ ባልማልኩ።

ስድስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ከኛ በፊት አንድ ራሰ በራ አባትና ልጁ ወጡ፤ ልጁ አባቱን እንደ ነጠላ አጥፎ አነጠፈው፣ ጥሩ ነበር። አንዲት እናትና ወንድ ልጇ ቀጠሉ፣ እነሱም አማረላቸው። ከዚያ እኛ። ሶልያና ጎንበስ አለች፣ እኔም አንዴ ብቻ ጎንበስ አልኩ፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ። ወደፊት ሄጄ ኮሌታዋን ያዝኩ። እግሬን ተከልኩ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ነኝ። ቃል ገብቻለሁ።

ልጄ ዞር ብላ ሳበችኝ። አልሄድኩም። ደግማ ዞረች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ። አልሄድኩም። ትንሽ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ ወደፊት ብራመድላት እንደምትጥለኝ አውቃለሁ፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል፣ ይበላኛል። ግን እርምጃ መስጠት ፌክ አይደለም? ሰውነቴ ሁሉ «ውደቅላት!» ይለኛል፣ ቃሌ «ቁም!» ይለኛል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይዤ ቆምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። እንባዋ በአገጯ ላይ ወርዶ የኔ እጅ ላይ አረፈ። ያኔም አልወደቅሁም። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ከባድ ሥራዎች ሁሉ እሱ ይከብዳል፣ ጥቅም ደግሞ አልነበረውም።

ሴንሴ እጃቸውን ቀስ አድርገው አንዴ አጨበጨቡ። አለቀ ማለት ነው።

«እኔ የጠየቅኩት ጥቃት ነው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ይህ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ማንም አይጥልም፤ እኔም አልጥልም።» ወደ ሶልያና ዞረው «አልተቀበልኩሽም ማለት አይደለም፤ ዛሬ ያየሁት ነገር የለም። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ» አሏት። ሶልያና ጎንበስ ብላ አመሰገነችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ቀበቶዬን ስፈታ ጋሽ ሃሪ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «እኔም ሁለቱንም ሠርቼዋለሁ» አሉኝ። «ቀድሜም ወድቄያለሁ፣ እምቢ ብዬም ቆሜያለሁ። ሁለቱም ውስጥ ራሴን እንጂ ሌላውን ሰው አላየሁም ነበር።» ምን ነበረበት ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ጀርባዬ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቢነግሩኝ?

በ880 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው እየተጎተተ ነበር። ሆት ቸኮሌት እንጠጣ? ዝም። ሬዲዮ ልክፈትልሽ? ዝም። ያን «ፋይን» የሚሉትን ቃል እንኳ ተመኘሁት። መሪውን ይዤ አሰብኩ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የዋሸሁ ሰው እውነት ለመናገር የመረጥኩት ቀን ይህን ነው! ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ፣ ውሸቴ ከሚያስፈልጋት ከዚህ ቀን! አሁን ይቺ ልጅ በሯን ትዘጋለች፤ ኮሌጅ እስክትገባ አይከፈትም፤ ከዚያ በዓመት በዓል አንዴ ትደውላለች። ይህን ሁሉ ሄይዋርድ ላይ ቆመን ሳለ ጨረስኩት። ተስፋዬ ተሟጠጠ ስላችሁ ለወግ ማሳመሪያ አይደለም፤ ዓይኔ መንገዱን በደንብ አያይም ነበር።

ሰፈራችን ደርሰን መኪናውን ገና ሳላጠፋ ወረደች። በመኪና ማቆሚያውና በሕንፃው መሐል ባለችው ሣር ላይ ፈጠን ፈጠን ብላ ትሄዳለች። ተከተልኳት። «ሶልያና!» አልቆመችም። «ሶሊ፣ ቆይ አንዴ!» አልዞረችም። ደረጃው ጋ ከደረሰች በሩ ሊዘጋ ነው። ፍርሃት ያዘኝ፣ እውነተኛ ፍርሃት። ሮጥኩ። ሙሉ ክብደቴን ይዤ ከኋላዋ ደርሼ ትከሻዋን ጨምድጄ ያዝኩ። «እያናገርኩሽ እኮ ነው!»

ቀጥሎ ያየሁት የሳን ሊያንድሮን ሰማይ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እዚያ አልነበርኩም። እግሬ ከመሬት ሲለቅ አልተጠየቅኩም። ክንዴ ሣሩን አልመታም፣ አገጬ ደረቴ ላይ አልገባም፣ የተማርኩት ሁሉ የትም አልነበረም። በጀርባዬ፣ ከነዘጠና ስድስት ኪሎዬ፣ ውኃ የጠገበ ሣር ላይ ተዘረጋሁ። የመኪና ቁልፌ ወዲያ፣ አንድ ጫማዬ ወዲህ ሄደ። ትንፋሽ የሚባል ነገር ከውስጤ ተሟጦ ወጣ።

ሶልያና ከላዬ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አንዴ እኔን አንዴ የገዛ እጇን ታያለች።

«ፌክ ነው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

«ዳድ! ፌክ ነው?» ሣሩ ላይ ተንበረከከች። «ንገረኝ! ፌክ ነው?»

አሥራ አምስት ዓመት የዋሸኋት በሙሉ ትንፋሽ ነበር። እውነት የምነግራት ቀን ሲመጣ አንዲት ቃል የምታወጣ አየር አጣሁ። ራሴን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቅሁ። አላመነችኝም፤ እንዴት ታምነኝ? ጨርቄን ይዛ ትጠብቃለች፣ እንባዋ እየወረደ። በስንት መከራ ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተና ጥቂት አየር ገባልኝ።

«አይደለም» አልኩ። «እኔ አልፈቀድኩልሽም። አንቺ ነሽ የጣልሽኝ።»

«እውነት?»

«የጎኔን አጥንት ጠይቂው።»

አየችኝ። ረዥም ጊዜ፣ ሐኪም ሰው እንደሚያይ፣ ዓይኔን፣ አፌን፣ የጎደለ ጫማዬን እያየች መረመረችኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምደብቀው ነገር ስላልነበረኝ አልሸሸሁም፤ ብሸሽም መንቀሳቀስ አልችልም ነበር። ከዚያ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። ሄዳ ቁልፌን ከሣሩ ውስጥ ፈልጋ አመጣች፣ ጫማዬንም አጠገቤ አስቀመጠች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ ነበር፤ ልትደብቀው እየሞከረች አልሆነላትም።

«በል ተነሳ» አለችኝ። «ይሄ በቀኙ ነው። በግራው ይቀረናል።»